የባሕር ኤሊ ለመጠበቅ ከጎንደር መሄድ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ተሰብስበን ስለ ባሕር ኤሊ ጥበቃ ስናወራ ጊዜው አለቀና ጥያቄው ተረፈ። ብዙዎቻችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ሰጣችሁኝ፤ አንዳንዶቻችሁም መንገድ ላይ አስቁማችሁ ጠየቃችሁኝ። እኔ አንድ ወቅት ኬንያ ዋታሙ፣ ሌላ ወቅት ከምዕራብ አፍሪካ ባሻገር ባለችው የደሴቶች አገር በኬፕ ቨርዴ በበጎ ፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ባሕር በዓይኔ ያየሁት ዋታሙ የደረስኩ ቀን ነው። ስለዚህ «እኛ ባሕር የሌለን ሰዎች ምን አገባን?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ ጥያቄው የእኔም እንደነበር ይወቅልኝ።

«በጎ ፈቃደኛ እዚያ ሄዶ በትክክል የሚሠራው ምንድን ነው? ኤሊ ማጠብ ነው?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

አብዛኛው ሥራ በእግር መሄድ ነው ወንድሜ። ኬፕ ቨርዴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወጥተን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አሸዋ ለአሸዋ እንዞር ነበር። እንደ ትራክተር ጎማ የሰፋ ዱካ ስናገኝ ቁጭ እንላለን። እንቁላል ልትጥል የወጣችው እናት ኤሊ ጉድጓድ እየማሰች ሳለ ከተጠጋንባት ወይም ብርሃን ካበራንባት ሳትጥል ወደ ባሕሩ ትመለሳለች። ስለዚህ በጨለማ፣ ድምፅ ሳናሰማ እንጠብቃለን፤ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ። መጣል ከጀመረች በኋላ ግን እንደ ድንዛዜ ያለ ነገር ይይዛታል። ያኔ ከኋላዋ ተጠግተን ቅርፊቷን በሜትር እንለካለን፤ መቅዘፊያ እግሯ ላይ ቁጥር ያለበት የብረት ምልክት መኖሩን እናያለን፤ እንቁላሉን እንቆጥራለን። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያህል ነጭ እንቁላል ነው፤ በአንድ ጎጆ ብዙውን ጊዜ መቶ ገደማ ይሆናል።

ማዕበል የሚደርስበት ቦታ ከጣለች እንቁላሉን ወደ ላይ ማዛወር የሚቻለው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጽንሱ ከእንቁላሉ ልባስ ጋር ስለሚጣበቅ ማገላበጥ ይገድለዋል። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም እንቁላል ሳልነካ ነው ያሳለፍኩት፤ የአገሬው ልጆች ሲሠሩ እያየሁ ቁጥር እጽፍ ነበር። ያ ሳምንት ከሁሉም በላይ አስተምሮኛል። ቀን ደግሞ የተፈለፈሉ ጎጆዎች ይከፈታሉ፤ ስንቱ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደቀረ ከቅርፊቱ ይቆጠራል። ከዚያ ፕላስቲክ መልቀም አለ። ቁጥሩን በንጹሕ ወረቀት መገልበጥም አለ፤ አሰልቺ ቢመስልም ሥራው ያለ እሱ ከንቱ ነው።

ዋታሙ ግን ሌላ ነው። እዚያ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የተባለ ድርጅት ከዓሣ አጥማጆች ጋር ስምምነት አለው። ኤሊ በመረቡ የተያዘችበት አጥማጅ ይደውላል፤ ሰው ሄዶ ይረከባል፤ ጤነኛ ከሆነች ተለክታ፣ ምልክት ታስሮባት ትለቀቃለች። ለአጥማጁም ለስልኩና ለድካሙ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይሰጠዋል። የተጎዳችው ወደ ማገገሚያ ገንዳ ትገባለች። ኤሊ ማጠብ ካልክ፣ አዎ፣ ገንዳ ማጠብ አለ።

«ልጄ ሴት ናት። ሌሊት ለሌሊት በሰው አገር ባሕር ዳር ስትዞር እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» (አንዲት እናት)

እማማ፣ የእኔም እናት ይህንኑ ብላኛለች። ማንም ብቻውን አይወጣም፤ በቡድን ነው፣ ከቡድኑም ቢያንስ አንዱ የአካባቢው ሰው ነው። ይህ በጽሑፍ ካልተረጋገጠላት አትሂድ።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ባሕር ዳሩ ሳይሆን ከመነሻው ያለው ነገር ነው። በዚህ በእኛ አካባቢ በደላላ ተታሎ በመተማ በኩል ወጥቶ የቀረ ልጅ የሌለበት ሰፈር ስንት ነው? እውነተኛ የበጎ ፈቃድ ሥራ ደመወዝ የለውም። «በጎ ፈቃድ ነው፣ ግን በወር ይህን ያህል ዶላር ታገኛለች» የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ይዝጉበት። ፓስፖርቷን ማንም እንዳይይዝባት። የመመለሻ ትኬቷ ከመነሻው ጋር ተቆርጦ ቅጂው እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ከመሄዷ በፊትም ከድርጅቱ ሰው ጋር እርስዎ ራስዎ በቪዲዮ ይነጋገሩ፤ ልጅዎ ታስተርጉምልዎት። ይህን የማይፈቅድ ድርጅት ልጅ አይታመንበትም።

«ዋና አልችልም። ይቻላል?»

ይቻላል። የጎጆ ጥበቃ የደረቅ መሬት ሥራ ነው። ውኃ ውስጥ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ግን አሉና ስታመለክት ቁርጡን ተናገር።

«ነፃ አገልግሎት እየሰጠሁ ለምን እከፍላለሁ?» (የባንክ ሠራተኛ)

ምግብህ፣ መኝታህና የሚያሠለጥንህ ሰው ደመወዝ ከአንዱ ኪስ መውጣት አለበት። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የሚኖሩት በጎ ፈቃደኛው በየሳምንቱ በሚከፍለው ነው። ክፍያው ከአገር አገር በጣም ይለያያል። እኔ የምለው፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ጠይቅ። የመንደሩ ልጆች በደመወዝ ተቀጥረው የሚዞሩበት ፕሮጀክት ከሆነ ገንዘብህ ከአንተ ጉልበት የበለጠ ይሠራል፤ ይህን አምኖ መቀበል ያስፈልጋል። በመካከል የሚገቡ አስጎብኚ ድርጅቶች ድርሻቸውን ስለሚወስዱ በቀጥታ ለፕሮጀክቱ መጻፍ ይሻላል። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ፣ ምን እንደምትችል በግልጽ ጻፍ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ወይም የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የተማሩትን ካስረዱ የክፍያ ቅናሽ ወይም የረዳትነት ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ። ካልጠየቁ ግን ማንም አይሰጣቸውም።

«ከየትኛው አገር ልጀምር?»

ከኬንያ። ቅርብ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው መግቢያውም ከሌላው ይቀላል። ነገር ግን ያለ ቪዛ መግባት መቻል መሥራት መፈቀድ ማለት አይደለም። ድርጅቱ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያወጣላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ዋታሙ ከሞምባሳ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የባሕር ፓርኩ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ ነው።

ክረምት ላይ ብቻ ጊዜ ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን ግን ዕድላችሁ ሰፊ ነው፤ የእኛ ክረምት የብዙ ኤሊዎች እንቁላል መጣያ ወቅት ነው። በኬፕ ቨርዴ ሎገርሄድ የሚሏት ትልቅ ራስ ያላት ኤሊ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ትወጣለች። ግሪክ ዛኪንቶስ ደሴት ላይ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው አርኬሎን የተባለ የኤሊ ጥበቃ ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን በድንኳን ያሳድራል፤ ችግሩ የሸንገን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው፣ ቢገኝም ከ90 ቀን አያልፍም። ኮስታ ሪካ ቶርቱጌሮ የዚህ ሥራ አያት ናት፤ አርቺ ካር የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ የጀመረው አረንጓዴ ኤሊ የምትባለው ዝርያ ምዝገባ እስከ ዛሬ ይቀጥላል። ለእኛ ግን ትኬቱም ቪዛውም ከባድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። ወባንም አትናቁ። እኛ ከተማው ደጋ ስለሆነ እንዘናጋለን እንጂ ደምቢያ ወይም መተማ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የኬንያ ዳርቻም እንደዚያው ነው።

«አገራችን ስንት ችግር እያላት፣ ሰው እየተራበ፣ ለኤሊ መጨነቅ ቅንጦት አይደለም?» (ጡረተኛ መምህር)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ለብዙ ቀን ስብሰለሰልበት ነበር። ለኤሊ ብዬ የቀረውን ሰው አልረሳሁም። ዋታሙ ያየሁት አጥማጅ ግን ባለጠጋ አይደለም፤ አምስት ልጅ በመረብ የሚያሳድግ ሰው ነው። አረንጓዴዋ ኤሊ የባሕር ሣር እየጋጠች ሣሩ እንዳይታፈን ታደርጋለች። በዚያ ሣር ውስጥ ነው ትናንሽ ዓሦች የሚያድጉት፤ እነሱ ካላደጉ የሰውየው መረብ ባዶ ይወጣል። የግጦሽ መሬትና የከብት ነገር ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ አጥማጅ የያዛትን ኤሊ አርዶ መብላት ወይም መሸጥ ሲችል ስልክ ደውሎ ሲያስረክብ አይቻለሁ። እሱ ቅንጦት ካላለው እኔ ልለው አልቻልኩም።

«ትክክለኛውን ፕሮጀክት ከአስመሳዩ በምን እለያለሁ?»

ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልስ፤ የተጎዳሁበት ስለሆነ።

በአንድ ጉዞዬ ለሁለት ቀን ያረፍኩበት ቦታ «የኤሊ ጥበቃ» የሚል ሰሌዳ ነበረው። ጠዋት የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በባልዲ ውኃ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ማታ ጎብኚ ሲመጣ እየከፈለ አንድ አንድ ይይዛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይለቃል። እኔም አንዷን ያዝኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ስማር ነው የገባኝ፦ ጫጩቷ ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈላት ስንቅ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት ያለ ዕረፍት ዋኝታ ከዳርቻው እንድትርቅ ነው። ባልዲ ውስጥ ስትፍጨረጨር የዋለች ጫጩት ያንን ስንቅ ጨርሳ ነው ባሕር የምትገባው። ከ1,000 ጫጩት ለአካለ መጠን የሚደርሰው አንድ ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ እኛ ደግሞ ያቺን አንድ ዕድል በፎቶ አጠፋናት።

ስለዚህ ጠይቁ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉበት ሰዓት ይለቀቃሉ ወይስ ጎብኚ ይጠበቃል? በጎ ፈቃደኛ ኤሊ እንዲይዝ ይፈቀዳል? መልሱ «እንደፈለጋችሁ» ከሆነ ተዉት። ሌሊት የሚያበሩት ምን ዓይነት ባትሪ ነው? ቀይ ካልሆነ ተዉት፤ ጫጩት ወደሚበራው አድማስ ነው የምትሄደው፣ ነጭ ብርሃን ወደ ሆቴልና ወደ መንገድ ይወስዳታል። ቁጥሩን ለማን ነው የሚያስረክቡት? ለመንግሥት ወይም ለተመራማሪ የማይደርስ ቁጥር ለማስታወቂያ ብቻ የተሰበሰበ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኃላፊው ማን ነው? እኔ ለሁለት ወር ሄጄ እመለሳለሁ፤ የመንደሩ ሰው ካልመራው ሥራው ከእኔ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል።

«በጾም ምን ትበያለሽ?»

ሩዝና ባቄላ። ዋታሙ ደግሞ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ ነበር፤ ፍልሰታን ያለ ችግር ጾምኩ። በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊቱን በእግር ስትሄዱ የሚያድነው እሱ ነው።

«የኤሊ ፆታ በሙቀት ይወሰናል የሚባለው እውነት ነው?» (የባዮሎጂ ተማሪ)

እውነት ነው። አሸዋው ከ29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲበልጥ አብዛኞቹ ሴት፣ ሲያንስ አብዛኞቹ ወንድ ይሆናሉ። የሚወሰነውም እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ ከሚቆይበት ሁለት ወር ገደማ መካከለኛው ሲሶ ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከሚመጡት ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች 99 በመቶው ሴት ሆነው እንዳገኛቸው ያሳያል። አንዳንድ ፕሮጀክቶች ጎጆውን በዘንባባ ዝንጣፊ ያጠላሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ ካሻሽ፣ እህቴ፣ ቴርሞሜትር ይዘሽ ሂጂ።

«መሄድ ባልችልስ?»

ጎርጎራ አለላችሁ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ጣና ላይ ላቤኦባርበስ የተባለው የዓሣ ወገን በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ይወጣሉ፤ እዚሁ በጎናችን የሚያልፈው መገጭም አንዱ ነው። በዚያው ሰዓት የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ እናቶቹ ሳይጥሉ ያልቃሉ። ከዋታሙ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነው፤ ከመሄዴ በፊት ግን እዚሁ ተወልጄ አላየሁትም ነበር። ከአጥማጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራ፣ የትኛው ሳምንት ዓሣው እንደሚወጣ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። ባለፈው እሑድ ስድስት ሰዎች ስማችሁን ሰጥታችሁኛል፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ እንሄዳለን።

«ኤሊ ስትወልድ ታለቅሳለች ይባላል፤ ያማታል?» (የ9 ዓመት ልጅ)

የኔ ቆንጆ፣ እንባዋን እኔም አይቻለሁ። ከባሕር የምትጠጣውን ጨው በዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ ነው የምታስወጣው። ባሕር ውስጥም እያለች ታወጣዋለች፤ ውኃው ስለሚያጥበው ግን አይታይም። ደግሞም ዓይኗን ከአሸዋው ያጥብላታል።

«የለቀቅሻቸው ተመልሰው መምጣታቸውን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ጫጩት ላይ የብረት ምልክት አይታሰርም፤ ትንሽ ናት። ሴቷ ሎገርሄድ ለመጣል የምትደርሰው ከ20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም የምትመለሰው የምድርን መግነጢስ እየተከተለች ወደተፈለፈለችበት ዳርቻ አካባቢ ነው። እኔ ቆሜ ያየሁት ጎጆ የተፈለፈለው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነበር፤ 87 ወጡ። ከእነሱ አንዷ ብትተርፍ ከ2031 ዓ.ም. በፊት አትመጣም። ቦታው ግን ከነቁጥሩ መዝገቡ ላይ አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የሚጠብቃት የመንደሩ ልጅ ነው።