በአጎቴ ልጅ ስም ኢንሹራንስ ባወጣ ምን አለበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ 7 ወሬ ነው። አሁን ለአንድ ኩባንያ በማይል እየተከፈለኝ እነዳለሁ። የራሴን ትራክ ገዝቼ ኦነር ኦፕሬተር ለመሆን አስቤ ኢንሹራንስ ብጠይቅ «የ2 ዓመት ልምድ አምጣ» አሉኝ። የአጎቴ ልጅ 5 ዓመት ነድቷል፤ «በኔ ስም እናውጣውና አንተ ንዳ» ይለኛል። ሌላው አማራጭ ሊዝ ፐርቸስ ነው፤ ትራኩን ከኩባንያው ተከራይቼ እየነዳሁ ዋጋውን ቀስ በቀስ ከፍዬ የራሴ ማድረግ ማለት ነው። አንድ ኩባንያ ያለ ልምድ ሊቀበለኝ ፈቅዷል፤ ለትራኩ በሳምንት 950 ዶላር ይቆርጣል። 2,000 ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ፣ ውሉን ግን ገና አልፈረምኩም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳይፈርሙ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ፈርሞ፣ ሦስት ወር ነድቶ፣ ተናዶ ነው።

«2 ዓመት» የሚለው ነገር ሕግ አይደለም። የፌዴራሉ ደንብ ከስቴት ስቴት የሚነዳ ሹፌር 21 ዓመት እንዲሞላው፣ የጤና ካርድ እንዲኖረውና በልምድ ወይም በሥልጠና መኪናውን በደህና መንዳት የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። ዓመት አይቆጥርም። ዓመት የሚቆጥረው ኢንሹራንሱ ነው። ጥር ላይ ባዶ ትሬለር እየጎተተ ዋዮሚንግ ውስጥ በአይ-80 አውራ ጎዳና ከላራሚ ወደ ሮሊንስ ያለፈ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል፤ የዚያን መንገድ ንፋስ ከትምህርት ቤት ትናንት የወጣ ሹፌር አያውቀውም። የራስዎን ኦውቶሪቲ (በራስ ስም ጭነት የማጓጓዝ የፌዴራል ፈቃድ) ለማውጣት ማመልከቻው 300 ዶላር ነው፣ ወረቀቱም ቀላል ነው። ግን ተራ ዕቃ ለሚጭን ትራክ ሕጉ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ሽፋን ይጠይቃል፤ ጭነት የሚያገናኙት ብሮከሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ካላዩ ሎድ (ጭነት) አይሰጡም። ያንን የሚሸጥልዎ ሰው «አልሸጥም» ካለ ወይም ዋጋውን ሰማይ ካደረሰው በሕግ ማስገደድ አይቻልም።

አሁን ወደ አጎትዎ ልጅ። እዚህ ላይ ጠንከር ልበል፦ አያድርጉት። የኢንሹራንሱ ፎርም «ትራኩን ማን ማን ይነዳዋል?» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። እሱ የራሱን ስም ብቻ ጽፎ እርስዎ ከነዱ ፎርሙ ላይ ውሸት ተጽፏል ማለት ነው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው የሹፌሩን መንጃ ፈቃድና የኢኤልዲውን (የመንዳት ሰዓት የሚመዘግበውን መሣሪያ) መዝገብ ነው። መዝገቡ በማን ስም ነው? በእርስዎ። በሱ ስም ወደ መሣሪያው ገብተው ከነዱ ደግሞ ሁለተኛ ጥፋት ጨመሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ከፖሊሲው ጋር ኤምሲኤስ-90 የሚባል ወረቀት ይያያዛል። ኢንሹራንሱ «ይህ ሹፌር አልተመዘገበም፣ አልሸፍንም» ቢል እንኳ በዚያ ወረቀት መሠረት ለተጎጂው እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። «እሰይ» እንዳይሉ። ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን መልሶ የሚጠይቀው ፖሊሲው በስሙ ያለውን ሰው ነው። ይኸውም የአጎትዎን ልጅ። ሊረዳዎ ብሎ የቤቱን ዕዳ አመጣ ማለት ነው።

አብራችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ንጹሕ መንገድ አለ። ኦውቶሪቲው የሱ ይሁን፣ ትራኩ የእርስዎ፣ እርስዎ ግን በስምዎና በ7 ወር ልምድዎ ለኢንሹራንሱ ይመዝገቡ። ዋጋው ይጨምራል፣ አንዳንዱም እምቢ ይላል፤ የሚቀበል ግን ይገኛል። በመካከላችሁ የሊዝ ውል ይኑር፣ በጽሑፍ። «ከአጎቴ ልጅ ጋር ውል?» አይበሉ፤ ደንቡ ዘመድ አይለይም።

ሊዝ ፐርቸሱን በተመለከተ የአንድ ደንበኛዬን የሳምንት ሂሳብ ላሳይዎ። ትራኩ 5 ቀን ጋራዥ ቆመ። አንድ አጭር ሎድ 900 ዶላር አስገባ። ከዚያ ላይ ነዳጅ 310፣ ትራክ 950፣ ኢንሹራንስ 320፣ ትሬለር 200፣ ኢኤልዲ 25፣ ኤስክሮው የሚሉት መያዣ 150 ተቆረጠ። ከታች የተጻፈው ቁጥር «ማይነስ 1,055» ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የጀመረው ከዚያ ነው። ትራኩ ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ የኩባንያው ነው። «ኦነር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ያስቃል። በጃንዋሪ 2025 መንግሥት ያቋቋመው የሊዝ አጥኚ ቡድን እንዲህ ያለው ፕሮግራም ጨርሶ እንዲታገድ ለኮንግረስ ሐሳብ ማቅረቡም በከንቱ አይደለም።

ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ውሉን ግን እንዲህ ያንብቡት። እያንዳንዱ ቅነሳ በስሙና በስሌቱ መጻፍ አለበት፤ «ሌሎች ወጪዎች» የሚል መስመር ካዩ ያቁሙ። የጭነቱን ወረቀት ባስረከቡ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈልዎ ይገባል። ክፍያዎ በፐርሰንት ከሆነ የጭነቱን ዋጋ የሚያሳየውን ደረሰኝ ኮፒ የማየት መብት አለዎት። ነዳጅም ጎማም ከእነሱ ብቻ ካልገዛህ ብለው ሊያስገድዱዎ አይችሉም። መያዣው ሊዙ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ ከነሂሳቡ መመለስ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መውጫውን ይፈልጉ፦ በስድስተኛው ወር ብተው ምን እከፍላለሁ? መልሱን ከቀጣሪው አፍ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ ያግኙት። ክርክር ሁሉ በግልግል ዳኛ ይታያል የሚል አንቀጽም አይቀርም። እሱ ያን ያህል አያስፈራዎ፤ በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ፕራይም እና በኦሊቬራ ጉዳይ የፌዴራሉ የግልግል ሕግ «ኮንትራክተር» በሚባሉ የትራክ ሹፌሮች ላይም እንደማይሠራ ወስኗል። የስቴት ሕግ ግን ሊገባበት ስለሚችል አንቀጹን ያሳዩኝ።

የኔ ምርጫ? ቀሪውን 17 ወር አሁን ባሉበት ይንዱ። ቲኬት አይኑርብዎ፤ በኋላ የኢንሹራንሱን ዋጋ የሚያወርደው እሱ ነው። እንግሊዝኛዎንም ያጠናክሩ። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ አነጋግሯቸው መግባባት ያቃታቸው ሹፌሮች እዚያው ከሥራ እየታገዱ ነው።

ቀብዱ ቀረ። አገር ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። እዚህ እንደዚያ ያለ ሕግ አይጠብቁ፤ ዋናው ሲከፍሉ የተሰጠዎ ወረቀት ነው። «አይመለስም» የሚል ከሌለበት ውሉን እንደማይፈርሙ ገልጸው ገንዘቡን በኢሜይል ይጠይቁ። በስልክ አይሁን፣ ኮፒ ያስቀሩ። ወረቀት ጭራሽ ካልሰጡዎት ደግሞ የባንክ ማስረጃዎንና ከቀጣሪው ጋር የተጻጻፉትን ቴክስት ሰብስበው ይላኩልኝ፤ 2,000 ዶላር ለአነስተኛ ክርክር ችሎት የሚበቃ ጉዳይ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልገውም።