ባዶ መሬት ልግዛ ወይስ የሚከራይ ክፍል ልሥራ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ዓረብ አገር ለፍተሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ ሐዋሳ፣ ቱላ በኩል ባዶ መሬት ገዝቶ ዋጋው እስኪጨምር መጠበቅ ይሻላል ወይስ እናትሽ ግቢ ውስጥ ክፍሎች ሠርቶ ማከራየት ብለሽ ጠይቀሻል። ክፍሎቹን ሥሪ። እኔ ተቃራኒውን አድርጌ ሦስት ዓመት ተቀጥቻለሁ።

1. የሚጨምር ዋጋ አስቤዛ አይገዛም። በ2012 ሲዳማ ክልል ሊሆን ነው፣ ሐዋሳም ትሰፋለች ሲባል ደላላው «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አትደርስበትም» አለኝ። ከአንድ አርሶ አደር 200 ካሬ በ450 ሺህ ብር፣ ሦስት ምስክር ባስፈረምኩበት የመንደር ውል ገዛሁ። 150 ሺሁ ከመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር የወሰድኩት ነበር። ደመወዜ በየወሩ ሲቆረጥ መሬቱ አንድ ብር አላስገባልኝም።

2. ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው! ደላላው «ዋጋው እጥፍ ገብቷል» ይለኝ ነበር። እናቴ ታማ ልሸጠው ስነሳ ግን የመጣው ገዢ ሁሉ ካርታ ጠይቆኝ ተመለሰ። ካርታ ለማውጣት አንድ ቢሮ ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። በሰባተኛው ቀን ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ውሌን በመስኮቱ ገፋልኝና «መሬት እንደማይሸጥ አታውቅም?» አለኝ። ስድስቱን ጊዜ «ሰኞ ተመለስ» ከሚለኝ በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሕጉ ግን እንዳለው ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው፤ እኔ ደግሞ አጥር እንኳ አልነበረኝም። በመጨረሻ ሻጩ ራሱ በ380 ሺህ መልሶ ወሰደው።

የባለቤቴ እህት በዚያው ዓመት፣ በዚያው ያህል ገንዘብ፣ ካርታ ባለው ግቢዋ አምስት ክፍል ሠራች። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ለሦስት ለአራት እየሆኑ ተከራዩአት፤ በወር 6 ሺህ ብር ታገኝ ነበር። እርሷም አልተፈተነችም አልልም። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል ስታስወጣ ብዙዎቹ ልጆች ሥራ አጡ፤ ሁለት ክፍል ለወራት ባዶ ቀረ። ስለዚህ ለፓርክ ሠራተኛ ብቻ ብለሽ አታጥብቢው፤ አስተማሪም ተማሪም ሊኖርበት የሚወድ ይሁን፣ ውኃው ግቢው ውስጥ ይግባ።

በተመለሰልኝ ገንዘብ እኔም አባቴ ግቢ ሦስት ክፍል ሠርቻለሁ። የቀረውን ብድር የከፈለው ኪራዩ ነው፤ ይህን ኮርቼ እናገራለሁ።

ሰኞ ቀብድ ልትከፍዪ መሆኑን ጽፈሻል። እባክሽ አቆዪው። ሻጩ ካርታ አለኝ ካለ ቁጥሩን ይዘሽ ራስሽ ሄደሽ አጣሪ፤ ደላላው አብሮሽ አይሂድ።