ብርድና ይሉኝታ፦ ወደ ሰሜን ለሚሄዱ ወጣቶች

ይድረስ ዘንድሮ ወደ ሰሜኑ ዓለም ለመሄድ ሻንጣችሁን በማዘጋጀት ላይ ላላችሁ ልጆቼ፤

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ወሩ ጥር ነው። የጎረቤቴ ዘበኛ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ፀሐይ የምታርፍበትን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ በመስኮቴ ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትርም 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳያል። ከዚህ ቁጥር ላይ 50 ዲግሪ ቀንሱለት። የሚቀረው፣ ማለትም ከዜሮ በታች 41፣ እኔ በናፍጣ ጄኔሬተር ጥገና ለ19 ዓመታት በሠራሁበት በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛት በጥር ወር ማለዳ የሚያጋጥም፣ ማንንም የማያስገርም ብርድ ነው።

ባለፉት ወራት ከእናንተ መካከል ብዙዎች፣ አንዳንዶቹ ለትምህርት፣ አንዳንዶቹ ለሥራ፣ ሌሎችም ከቤተሰብ ጋር ለመቀላቀል የሚሄዱ፣ ወደ ቤቴ መጥተው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ካፖርት ነው፤ የትኛው ይሻላል፣ ከየት ይገዛ፣ ስንት ያወጣል። ካፖርቱ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ነገር ከዚህ ይዛችሁት የምትሄዱት ጠባያችሁ ነው፤ ወደ እርሱም በኋላ እመለሳለሁ።

እኔ የተማርኩት በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ እዚሁ ባሕር ዳር በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ነው። ከሩሲያውያን መምህራኖቻችን አንዱ፣ በአገሩ ሰሜናዊ ክፍል የሜርኩሪ ቴርሞሜትር በክረምት እንደማያገለግል፣ ሜርኩሪው ራሱ ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እንደሚረጋና በዚያ የሚሠራው የአልኮል ቴርሞሜትር እንደሆነ ሲነግረን፣ እኛ ከኋላ ወንበር ሆነን በሳቅ ሞተናል። ማጋነን መስሎን ነበር። ክረምት ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ነው፤ በረዶ ስንልም ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳው ጠጠር። አማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደው ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ ለሚረግፈውም፣ ሐይቅ ላይ ለሚረጋውም አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስቱን ለይተን የምንኖርበት አጋጣሚ አልነበረንም።

የኖርኩባት ከተማ የሎውናይፍ ትባላለች። እንደ ባሕር ዳር ሁሉ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ ሐይቁ ግን ግሬት ስሌቭ ይባላል፣ በስፋቱ ጣናን ዘጠኝ ጊዜ ያህል ያጥፈዋል፣ ጥልቀቱም 614 ሜትር ይደርሳል። የጣናችን ጥልቅ ቦታ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ውኃ በኅዳር ከላይ መርጋት ይጀምራል፤ ውኃ ከምንም ጊዜ ይልቅ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለሆነ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ይረጋል፤ ዓሣውም ከሥር በሕይወት ይከርማል። በታኅሣሥና በጥር የግዛቱ መንግሥት ሐይቁ ላይ መንገድ ይጠርጋል፤ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ወደ ዴታ መንደር ሰዎች ዙሪያውን ከመሄድ ይልቅ መኪናቸውን በበረዶው ላይ ነድተው ይሻገራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሻገር፣ በልጅነቴ በደንገል ታንኳ የተሻገርኩበት ሐይቅ ትዝ ብሎኝ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ይዤ ነበር።

ይህን የነገርኳችሁ ለወሬ አይደለም። የከተማይቱ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን እ.ኤ.አ. በ1947 የተመዘገበው ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው በድንቁርና ብቻ አይጎዳም፤ በኩራትና በይሉኝታ ይጎዳል፤ እኛ ደግሞ ሁለቱንም አሳምረን ተምረናቸዋል። በጉና ግርጌ ያደገ ልጅ ውርጩን በባዶ እግሩ ረግጦ ከብት ሲነዳ «ጎበዝ» ተብሎ ነው ያደገው። ብርድ መቻል እንደ ወንድነት፣ «በረደኝ» ማለት ደግሞ እንደ ቅብጠት ይቆጠርብናል። እዚህ ይህ ቢበዛ ጉንፋን ያስይዛል፤ እዚያ ግን ጣት ያስቆርጣል።

የራሴን ልንገራችሁ። በዚያ አገር ከመኪኖች ፊት፣ ከሰሌዳው አጠገብ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ሞተሩን ለማሞቅ ሌሊቱን ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነው፤ ያለዚያ ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል፣ የባትሪውም ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል። በሁለተኛው ክረምቴ የእኔ ማቆሚያ ሶኬት ተበላሸ። ጎረቤቴ ትርፍ ሶኬት ነበረው። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት መሰላል ተውሼው ስለነበር፣ «አሁን ደግሞ ይህን ብዬ?» ብዬ ሳልጠይቀው ቀረሁ። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሞተሩ አንዴ አቃስቶ ዝም አለ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 38 ይላል። ሥራ ቦታዬ በእግር 25 ደቂቃ ነው፤ ስስ የቆዳ ጓንቴን አድርጌ ወጣሁ።

ትንፋሼ ሽፋሽፍቴ ላይ እየረጋ ዓይኔን ስጨፍን ይጣበቅብኝ ነበር። የጣቶቼ ጫፍ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ቀጥሎ እንደ መርፌ ወጋኝ፣ ከዚያ ምንም መሰማቱ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ለመድኩት ብዬ። መብራት የበራባቸውን፣ ከጭስ ማውጫቸው እንፋሎት የሚትጎለጎልባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እያለፍኩ ሄድኩ። ስደርስ ጓንቴን ያወለቀልኝ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነው የዴኔ ተወላጅ፣ አዛውንት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጣቶቼ አመድማ መልክ ይዘው እንደ እንጨት ደርቀው ነበር። ላሻቸው ስል እጄን ያዘኝ፤ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ቀድቶ በክርኑ ከለካ በኋላ ነከራቸው። ሙቀቱ ሲመለስ የተሰማኝን ሕመም ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ ጮኼአለሁ። እርሱ ግን አልተቆጣኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ቤት አልፈህ መጣህ?» የግራ እጄ ትንሿ ጣት ጫፍ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችልኝም፤ በዚህ በባሕር ዳር ብርድ እንኳ ቀድማ የምትደነዝዘው እርሷ ናት።

ገበሬ «ሰብሉን ውርጭ መታው» እንደሚለው የሰውንም ሥጋ ውርጭ ይመታዋል። ጣት፣ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉንጭ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሕመሙ ያለ ሙቀት ድንገት ከጠፋ አደጋው የጀመረው ያኔ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ መጻሕፍት እንደሚሉት አይነጣም፤ ይገረጣል፣ አመድ ይመስላል፣ ሲነኩት ይጠነክራል። በጦር ሠራዊቶች ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች በዚህ ጉዳት ከሌሎች ይበልጥ እንደሚጠቁ ስላሳዩ፣ አብረዋችሁ ያሉት ፈረንጆች ያለ ጓንት ሲሄዱ አይታችሁ አትወዳደሩ። ሲደርስባችሁ አትሹት፣ በረዶ አትቀቡት፣ ምድጃም ዘንድ አታቅርቡት፤ የደነዘዘ ሥጋ ሲቃጠል አይታወቀውምና። ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ውኃ ከቋጠረ ወይም ከጠቆረ ወደ ሐኪም ነው። እንደገና ብርድ ላይ የምትወጡ ከሆነ ግን ሳታሟሙት መድረሻችሁ ድረስ ሂዱ፤ ሟሙቶ ዳግመኛ የረጋ ሥጋ ከፊተኛው የከፋ ይጎዳልና።

ከዚህ የሚከፋው መላ አካል ሲቀዘቅዝ ነው። የውስጥ ሙቀታችን ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ከዚያ ምላስ ይያዛል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ሐሳብ ይዛባል። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ካቆመ ጊዜ የለም። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው ሲጠይቁት «ደህና ነኝ» ይላል። እኛ ደግሞ ታመንም፣ ተርበንም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ያደግንበት ነው፤ ስለዚህ ጓደኛችሁ ቃላቱ እየተጎተቱ ደህና ነኝ ካላችሁ አትመኑት፤ ወደ ቤት አስገቡት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ደረቱንና አንገቱን አሙቁለት፣ እርዳታም ጥሩ። አረቄ አትስጡት። መጠጥ ደሙን ወደ ቆዳ እያወጣ የሞቀ ያስመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት አውጥቶ ይበትነዋል።

ስለ ልብስ ብዙ የምታውቁ ይመስለኛል፤ ጋቢ ታውቃላችሁና። ጋቢ ከነጠላ ይበልጥ የሚሞቀው በአራት ድርብ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ቡሉኮም እንዲሁ። ሙቀቱን የሚጠብቀው የታሰረው አየር ነው። የሰሜን ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ ከሥር ስስ ሱፍ፣ በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ካፖርት። የዴኔ አባቶች ለብዙ ዘመን የለበሱት ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አጋዘን ቆዳም፣ ጸጉሩ ውስጡ አየር የቋጠረ በመሆኑ፣ ከእኛ ደበሎ ጋር ወንድማማች ነው። ልዩነቱ ጥጥ ላይ ነው። ጥጥ ላብ ከጠጣ አየሩ ይወጣና ልብሱ ገላችሁን ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል። ስለዚህ ካልሲያችሁና የውስጥ ልብሳችሁ ጥጥ አይሁን፤ የመንዝ ሰው ባናውን ከበግ ጸጉር የሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራ ስትሠሩም ከማላባችሁ በፊት አንዱን ድርብ አውልቁ። ጫማችሁ በወፍራም ካልሲ ላይ ጣት የሚያንቀሳቅስ ይሁን፤ የጠበበ ጫማ ደም ያግዳል። ጓንትም አራቱ ጣቶች በአንድ የሚገቡበትና አውራ ጣት ብቻ የሚለይበት ይሻላል። እህቶቼ፣ የብረት ጉትቻና ያልደረቀ ሹሩባ ይዛችሁ አትውጡ። ውዱ ያደረጋችሁም ፊታችሁንና እጃችሁን እስከ ጣቶቻችሁ መካከል አድርቃችሁ ውጡ።

ነፋሱን ከቴርሞሜትሩ ለይታችሁ ቁጠሩት። ከዜሮ በታች 20 ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ፊታችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ አይታገለውም፣ ማልዶ ወጥቶ ሳይነሣ ይመለሳል፤ ከረፈደበትም ደሴት ዳር አስጠግቶ ይጠብቃል፤ ይህን በማድረጉም ፈሪ ያለው የለም።

መኪናችሁ መንገድ ላይ ከቆመባችሁ ጥላችሁት አትሂዱ። ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ሻማና ምግብ ውስጡ ይኑር። ሞተሩን አስነስታችሁ ለመሞቅ ከሆነ በቅድሚያ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ጥረጉ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ቤተሰብ እንደሚፈጅ የምታውቁት ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ በመኪናም ይገድላል። በየቤቱ ጣሪያ የተገጠመ የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቡና አፍልታችሁ ዕጣን ስታጨሱ በእርግጠኝነት ይጮኽባችኋል። እኛ ቤት ባትሪውን አውጥተን እንግዳ ስናስተናግድ አምሽተን ረስተነው አድረናል፤ በማግስቱ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። መስኮት ክፈቱ፣ ዕጣኑን ቀንሱ፤ ባትሪውን አትንኩ።

ስለ ጨለማው በአጭሩ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ወጥታ በ9 ሰዓት ትጠልቃለች፤ ሐዘን ሳይጠሩት ይመጣል። በእነዚያ አምስት ሰዓታት ውጡ፣ ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ቆዳችን ከነጮቹ ይልቅ ብርሃን ይፈልጋል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 የሚውለው በብርዱ እምብርት ነው። ውጭ የምትሠሩ ከሆነ ሰውነት የሚነደው ማገዶ ይፈልጋልና ተልባ፣ ሱፍ፣ ለውዝና ዘይት አብዙ፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለእኔ የተፈቀደልኝን ሳልጠይቅ ሁለት ዓመት ራሴን አድክሜአለሁ፤ እርሱም ይሉኝታ ነበር።

ካፖርቱንና ጫማውን እዚያው ግዙ፤ ከዚህ የሚገዛው ለዚያ ብርድ የተሠራ አይደለም። በደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የግራና የቀኝ ጎረቤታችሁን አንኳኩታችሁ ተዋወቁ፣ ስልካቸውንም ያዙ። ከዚህ ጋቢ ብቻ ውሰዱ፤ እርሱንም ለቤት። እኔ እናቴ የፈተለችውን ጋቢ ከካፖርቴ ሥር ደርቤ በረዶ ስዝቅ ውዬ፣ በላብ ረጥቦ ጫፉ እንደ ቆርቆሮ ደርቆብኝ ያውቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ከደጃፍ አላወጣሁትም፤ አሁን ይህን ስጽፍላችሁም ትከሻዬ ላይ ነው።