የወላጆችን ቤት ኢሬቮከብል ትረስት ውስጥ ስለማስገባት ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ በ240,000 ዶላር ተገዝቶ ዛሬ 620,000 የሚያወጣው የወላጆችሽ የሜሪላንድ ቤት ኢሬቮከብል ትረስት (ንብረት በአደራ የሚሰጥበት፣ ሰጪው መልሶ ሊያፈርሰው የማይችል ውል) ውስጥ ቢገባ ከነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ወጪ ይድናል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ይድናል፤ ሰነዱ በትክክል ከተጻፈና ጊዜው ሳያልፍ ከተጀመረ። የውርስ ታክሱ አያሳስብሽ። በ2026 የፌዴራሉ ለአንድ ሰው ከ15 ሚሊዮን፣ የሜሪላንዱ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በታች አይነካም። የእናንተ ጉዳይ ሜዲኬይድ ነው፤ ገንዘቡ ላለቀበት ሰው የነርሲንግ ሆም ወጪ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም።

1. ትረስቲው፣ ማለትም የትረስቱን ንብረት የሚያስተዳድረው ሰው፣ ከልጆቹ አንዱ ይሁን። ከዚያ ትረስቲው ገንዘብ የሚያወጣበትን ክፍል መስመር በመስመር አንብቢ። «ለወላጆቹ ጤናና ኑሮ እንደሚያስፈልግ ከዋናው ንብረት ሊከፍል ይችላል» የሚል ካገኘሽ እንዳይፈርሙ። ለወላጅ ያሰበ ይመስላል፤ ሜዲኬይድ ግን ለሰጪው በማንኛውም ምክንያት ሊከፈል የሚችለውን ሁሉ እጁ ላይ እንዳለ ገንዘብ ይቆጥረዋል። ቅጽ ሞልተው የሚሸጡ ሰዎች ይህችን መስመር ሳያወጡ መስጠታቸው በጣም ያናድዳል፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ሰው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ነውና።

ወላጆችሽ በቤቱ የመኖር መብታቸውን ግን በጽሑፍ ያስቀሩ። ያን ጊዜ ቤቱ ሲሞቱ ከውርሳቸው ጋር ስለሚቆጠር ልጆቹ ሲሸጡት ለታክስ የሚታሰብላቸው የግዢ ዋጋ ወላጆቹ በሞቱበት ዕለት የገበያ ዋጋ ይታደሳል። በቀጥታ ለልጆቹ ቢሰጥ ኖሮ ሲሸጡት በ380,000 ትርፍ ላይ ይቀረጡ ነበር፤ በ15 በመቶ እንኳ 57,000 ዶላር ነው።

2. የትረስቱ ፊርማ ብቻውን ቤት አያዛውርም። ዲዱ (የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) በትረስቲው ስም ተጽፎ ካውንቲው መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። ሜዲኬይድ ወደኋላ የሚያየው አምስት ዓመትም (ቁጥር 3 ላይ አለ) የሚቆጠረው ቤቱ ከተዛወረበት ቀን ነው። በዚያው ሳምንት የቤት ኢንሹራንሱ ላይ ትረስቱን አስጨምሩ። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ካለ ደግሞ ከማዛወራችሁ በፊት የባንኩን መልስ በጽሑፍ ያዙ።

3. ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ማመልከቻው ላይ ነው። ሜዲኬይድ 60 ወር ወደኋላ ያያል። በዚያ ውስጥ የተሰጠ ንብረት ካገኘ ዋጋውን ስቴቱ ባወጣው የአንድ ወር አማካይ የነርሲንግ ሆም ክፍያ አካፍሎ ያን ያህል ወር አይከፍልም። ለስሌት ወሩን 12,000 ብንለው 620,000ው ከ51 ወር በላይ ይሆናል። ቅጣቱ ደግሞ የሚጀምረው ቤቱ ከተዛወረበት ቀን አይደለም፤ ሰውየው ነርሲንግ ሆም ገብቶ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ አመልክቶ በሌላው ሁሉ ብቁ ሲሆን ነው። አባትሽ በ48ኛው ወር ቢታመሙና ደንግጣችሁ ብታመለክቱ 51ዱን ወር ሙሉ ትሸከማላችሁ። 12 ወር ከኪስ ከፍላችሁ 60ው ካለፈ በኋላ ብታመለክቱ ግን ዝውውሩ አይጠየቅም። ስለዚህ ያላቸውን ሁሉ ወደ ትረስቱ አታስገቡ፤ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ ውጭ ይቆይ። አይአርኤን (ታክሱ ገና ያልተከፈለበትን የጡረታ ቁጠባ) ጭራሽ እንዳትነኩት፤ በትረስቱ ስም ከተዛወረ ያለው ሁሉ የዚያ ዓመት ገቢ ሆኖ ይቀረጣል።

ቤቱ መሸጥ ካለበት ትረስቲው ይሸጠዋል። ቼኩ በትረስቱ ስም ተጽፎ በትረስቱ አካውንት ይግባ። በአባትሽ ስም ተጽፎ ባንካቸው ከገባ የተጠበቀው ገንዘብ ተመልሶ የእሳቸው ሆነ ማለት ነው።