የግቢያችን ዋንዛ ለፋሲካ ጠረጴዛ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ አባቴ የተከሉት ዋንዛ ኅዳር ላይ በነፋስ ወደቀብን። ማገዶ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ አስሰነጠቅሁት። አራት ወር ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። አሁን ጫፎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ አንዳንዱም ጎብጧል። አናጺው «በኮላና በብሎን አጥብቄ አስረዋለሁ፣ ስንጥቁን በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) እሞላዋለሁ፣ ለፋሲካ ይደርሳል» ይለኛል። ልስጠው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ለዚህ ፋሲካ ይቅር። እንጨቱ አልተበላሸም፤ ገና አልደረቀም። አሁን ተሠርቶ ሳሎን ከገባ እዚያው መድረቁን ይቀጥላል። ያን ጊዜ የሚሰነጠቀው ጣውላ ሳይሆን ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ጠረጴዛ ነው።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በመጀመሪያ የሚወጣው በውስጡ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች የተጠራቀመው ውኃ ነው። እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አይጠብም። እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ ግን ከራሱ ከእንጨቱ አካል መውጣት ይጀምራል፤ መጥበብም ያኔ ይመጣል። የሚጠበውም እኩል አይደለም። በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚጠበው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚጠበው እጥፍ ያህል ነው፤ ጣውላው የጎበጠብዎ በዚህ ምክንያት ነው። ጫፉ ደግሞ ከገጹ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውኃ ያጣል። ፀሐይ ሲጨመርበት፣ መሃሉ ገና እርጥብ ሳለ ጫፉ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከፀሐይ ያውጡት። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይፈልጉ። ብሎኬት ደርድረው ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ምስጥም የመሬት እርጥበትም እንዳይደርስበት። በየጣውላው መካከል 2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች በየ40 ሳንቲሜትሩ ያስገቡ። ዘንጎቹ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ካልተደራረቡ ጣውላው በመካከላቸው ይጎብጣል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ከባድ ድንጋይ ይጫኑበት፣ ዝናብ እንዳይነካው ቆርቆሮ ያልብሱት፣ ጎንና ጎኑን ግን ክፍት ይተዉት። ጫፎቹን በዘይት ቀለም ወፍራም አድርገው ይቀቡ። የተሰነጠቀውን ጫፍ አሁን አይቁረጡት፤ አዲሱም ጫፍ ይሰነጠቃልና እንጨት ያባክናሉ። የሚቆረጠው ሲደርቅ ነው። የግንዱ ልብ መሃሉ ላይ ያለበት ጣውላ ካለ ግን እሱን በልቡ ላይ ለሁለት ያስሰንጥቁት፤ እንዳለ ከተተወ መሰንጠቁ አይቀርም።

መቼ ይደርቃል? በአየር ለሚደርቅ እንጨት የቆየው ልማድ ለ2 ሳንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። የእርስዎ እጥፉ ነው። ነገር ግን በግምት አይሂዱ፣ ይመዝኑት። አንዱን ጣውላ ምልክት አድርገው በየወሩ በሚዛን ያስቀምጡ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በክረምት ቢያቆም ግን አይመኑት፤ በበጋ እንደገና ይቀንሳል። እርግጠኛ ለመሆን ከጣውላው ጫፍ ግማሽ ሜትር ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ያስቆርጡና በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ። ከዚያ 100 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ እስኪረጋ ያድርቁት። 260 ግራም የነበረው 200 ላይ ከቆመ የጠፋው 60 ለ200 ተካፍሎ 30 በመቶ ነው። ለቤት ዕቃ የምንፈልገው ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው።

ኢፖክሲውን አልጠላም፤ በእርጥብ እንጨት ላይ ግን እንጨቱ ሲጠብ ከዳርና ዳሩ ይላቀቃል። በደረቀ ጣውላ ላይ የቀረ ስንጥቅ ከሆነ፣ በሥሩ በኩል የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ቁራጭ እንጨት ስንጥቁን አቋርጦ ተቀብሮ ቢያያዝ ይሻላል። ውበትም አለው።

ለአናጺው አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩት። የጠረጴዛውን ፊት ከእግሩ ማሰሪያ ጋር በኮላ አያጣብቀው። 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ፊት ከክረምት እስከ በጋ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ከታሰረ ይሰነጠቃል። መሃል ላይ ያለው ብሎን ብቻ ጥብቅ ይሁን። ወደ ዳር ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ወደ ስፋቱ አቅጣጫ ረዘም ብለው ይበሱ፣ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ።

ከመላጉ በፊት ጣውላዎቹን ይፈትሹ። የግቢ ዛፍ የልብስ ማስጫ ሽቦና የድሮ ሚስማር ውጦ ያድጋል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ እድፍ ያዩበት ቦታ ብረት ሊኖር ስለሚችል ጠንካራ ማግኔት ያስጠጉበት። የመላጊያ ማሽን ምላጭ ሚስማር ካገኘ ይሸረፋል፤ ሠራተኛውንም ሊጎዳ ይችላል። ነጩን የዳር እንጨትም ያስወግዱት፤ ነቀዝ የሚገባው እዚያ ነው። የዋንዛ ቀዩ የውስጥ እንጨት በጣም የተሻለ ይቋቋማል።

ጣውላውን ወደ ሌላ ከተማ የሚልኩ ከሆነ አስቀድመው ከአካባቢው አስተዳደር ወረቀት ይያዙ። ዋንዛ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በስሙ ተጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ተከልክሎ የነበረ ዛፍ ነው፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ተተክቷል። የግቢ ዛፍ ቢሆንም ኬላ ላይ ሲጠየቁ ከየት እንደመጣ ማሳየት ይኖርብዎታል።

ተሠርቶ ሲያልቅ ቫርኒሹ የላዩን ፊት ብቻ ሳይሆን የሥሩንም ይሸፍን፤ በእኩል ዙር። አንዱ ፊት ብቻ ከተቀባ ሌላው እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ደህና የደረቀውን ጣውላ እንደገና ያጎብጠዋል።