ደንገጎ ላይ የቀረ ስለት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በእግሬ ልሄድ ተስዬ ሱባኤ ገብቼ ነበር። ታኅሣሥ 15 ማታ እምብርቴ አካባቢ ያመኝ ጀመር። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ፤ እህል አስጠላኝ፣ አተኮሰኝ። ባለቤቴ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ሲለኝ «በሱባኤ መሐል ከሄድኩ መልአኩን አላመንኩትም ማለት ነው» አልኩት፤ ጸበል እየጠጣሁ፣ ሆዴን እምነት እየተቀባሁ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ኦፕራሲዮንም እፈራለሁ። የ17 ሊነጋ ሲል ሕመሙ ድንገት ተወኝ። ቤቱ ሁሉ እልል አለ። ከማኅበርተኞቼ ጋር መንገድ ጀመርን፤ የደንገጎ ዳገት ላይ ግን ወደቅሁ። ከላይ የሚወርድ የጫት መኪና ቆሞ ይዞኝ ወረደ። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ መግሉ ሆዴ ውስጥ ተሰራጭቷል ተብሎ የዚያኑ ዕለት ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከመግባቴ በፊት ነርሷ ማዕተቤን ፈታችብኝ። አሁን ደኅና ነኝ። ግን አንዳንድ እኅቶች «ትንሽ ብትታገሺ መልአኩ ይጨርሰው ነበር፤ ቢላዋ የነካው የእሱ ፈውስ አይደለም» ይሉኛል። ስለቴን አፈረስኩ ወይ? መልአኩስ መንገድ ላይ ለምን ተወኝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ።

አጫጭሩን አስቀድሜ ልመልስ። ስለትሽ አልፈረሰም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ማዕተብ መፈታቱም ክህደት አይደለም። የሚክድ ሰው በፈቃዱ ይበጥሳል፤ አንቺ በዚያ ሰዓት የት እንዳለሽም በደንብ አታውቂም ነበር። ስለቀረው ጾም ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በጽሑፍሽ መካከል አንዲት አጭር መስመር አለች፦ «እውነቱን ለመናገር ኦፕራሲዮንም እፈራለሁ»። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻት አልፈሻል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ተመልሼ አነበብኳት፤ የጥያቄሽ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናትና።

በዚህ ከተማ ሳስተምር ይህ ነገር ልብሱን እየቀያየረ ስንት ጊዜ መጥቶብኛል። አንዲት እናት ጡታቸው ላይ እብጠት ካዩ ወራት አልፏቸው «ጸበል ጀምሬያለሁ» ይሉኛል። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው የሚፈሩት ሐኪሙ የሚነግራቸውን ስም ነው። አንድ አባወራ ደም እያስቀመጠው ሱባኤ ይገባል፤ ሲከፍትልኝ ጭንቀቱ የሕክምናው ወጪ ነው፣ ባጃጁን ሸጦ ልጆቹን በምን ሊያሳድር። አንቺ ቢላዋውን ፈራሽ። እነዚህ ሁሉ የሰው ፍርሃቶች ናቸው፤ አንዳቸውንም ኃጢአት አልላቸውም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች» ብሏል፤ ጭንቀቱን ከደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም።

ፍርሃት የእምነትን ልብስ ሲለብስ ግን ሰው አይደርስበትም። ለባለቤትሽ «ፈርቻለሁ» ብትዪው ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? እጅሽን ይይዝሽ ነበር፤ «አብሬሽ እገባለሁ» ይልሽ ነበር፤ እናትሽን ይጠራ ነበር። አንቺ ግን «መልአኩን አምነዋለሁ» አልሽው። ለዚህ ምን ይመልስ? እምነት ሲባል ሰው አፉን ይይዛል። በዚያ ቤት ያን ሁለት ቀን ዝም ብሎ ሲንቆራጠጥ የነበረው እሱ ነው፤ ምናልባት ዛሬም «ምነው ባልሰማኋት» እያለ ራሱን እየወቀሰ ይሆናል። ጠይቂው።

አሁን ወደ እልልታው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብል ቅር አይበልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከሐኪሞች ጋር ተቀምጬ ጠይቄያለሁ። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ያብጣል፣ ይወጠራል፤ ሕመሙ የሚብሰው በውጥረቱ ነው። ሲፈነዳ ውጥረቱ ይረግባል፤ ለጥቂት ሰዓት ቀለል ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰራጫል፣ ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ትኩሳቱ ያይላል። እንግዲህ በዚያ ንጋት ቤታችሁ እልል ያለው ለፈውስ አልነበረም፤ ለፍንዳታው ነበር። መልአኩ ያላደረገውን አደረገ ብላችሁ አመሰገናችሁ፤ በኋላ ያደረገውን ደግሞ አሁን «የእሱ አይደለም» ትላላችሁ።

ታዲያ ፈውስን በምን እንለያለን? ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ያላቸውን አስቢ፦ «ሂዱ፥ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ።» በኦሪት ሥርዓት ለምጻም መንጻቱን አይቶ የሚመሰክር፣ ቆዳውን የሚመረምር ካህኑ ነበር። ፈዋሹ ራሱ ጌታ ሆኖ ሳለ ወደ መርማሪ ላካቸው። «ጸበል ፈወሰኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ «እልል! አሁን ሄደህ ተመርመርና ወረቀቱን አምጣልኝ» የምለው ስለዚህ ነው። አንዳንዱ ይቆጣኛል። በእውነት የዳነው ግን አይቆጣም፤ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ ይመጣል።

እነዚያ እኅቶች የበዓሉን ታሪክም ሳይጠቅሱልሽ አልቀሩም፦ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ አንቺን ይተዋል?» ታኅሣሥ 19 የምናከብረው ያንኑ ነውና ጥቅሱ ለአፍ ቅርብ ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ግን ወደ እሳቱ በራሳቸው አልገቡም። ለጣዖት አንሰግድም ስላሉ አስረው ጣሏቸው። እሳቱ ሳሎናቸው ውስጥ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ውኃ ይደፉበት ነበር፣ ጎረቤት ይጠሩ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ድምፁን ሰምተው ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ከፍታ የሮጡትን ማን እምነት የጎደላቸው ብሎ ያውቃል? በሆድሽ ውስጥ የመጣውስ ከዚያ በምን ይለያል? ደግሞ ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ ያሉትን ሁለተኛውን ቃል ሰው ሲዘለው አያለሁ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም» አሉ። መልአኩን በቀጠሮ አልያዙትም።

«ቢላዋ የነካው የመልአኩ ፈውስ አይደለም» የሚለውን መጽሐፈ ጦቢት ይመልሰዋል። ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሩፋኤል የጦቢትን ዐይን ሊያበራ ሲላክ እንዴት አደረገ? ክንፉን ዘርግቶ «ብርሃን ይሁን» አላለም። ልጁን ጦብያን ዓሣውን ያዘው አለው፤ ቅደደው አለው፤ ሐሞቱን አስቀምጠው፣ ለመድኃኒት ይሆናል አለው። ከብዙ መንገድ በኋላ ያንን መራራ ሐሞት በአባቱ ዐይን ላይ አስቀባው። ስሙ «እግዚአብሔር ይፈውሳል» የሚባለው መልአክ ልጁን ቢላዋ አስያዘው፣ መድኃኒት አስቀመመው፣ ሽታውንም ታግሦ አብሮት ተጓዘ። ሩፋኤል በሐሞት ከፈወሰ፣ የገብርኤልን እጅ ከኦፕራሲዮን ክፍል ማን አወጣው?

አንድ ጥቅስ ግን በደንብ ሊፈታ ይገባዋል፤ ክርክር በተነሣ ቁጥር ይመዘዛልና። ስለ ንጉሡ አሳ «በታመመ ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም» ተብሎ ተጽፏል። አንብቢው። የተነቀፈው ሐኪም መፈለጉ ሳይሆን እግዚአብሔርን አለመፈለጉ ነው። አንቺ ስትጸልዪ ነበር፤ የአሳ ጥፋት ከአንቺ ጋር ምን አገናኘው? ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ሳይተዉ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በግልጽ አስተምረዋል። ያ ትምህርት ስንት ሰው ወደ ቤቱ እንደመለሰ የጸበል ቦታ አገልጋዮች ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ ከላይ ሆኜ የምናገር አይምሰልሽ። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበረኝ፤ የስኳር ሕመምተኛ። ሰባት ቀን ሱባኤ ሊገባ ሲል መጣና «መምህር፣ መርፌውን ልተወው አስቤያለሁ» አለኝ። ወደ ጉባኤ እየቸኮልኩ ነበር። ጫማዬን እያሰርኩ «በርታ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ» አልኩት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። በአራተኛው ቀን ጠሩኝ፤ ያስመልሰዋል፣ እንደሮጠ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ የበሰለ ፍሬ የመሰለ ሽታ አለው። በቦታው የነበሩት «መንፈስ ነው፣ ሊለቅ ነው፣ አትንኩት» ይላሉ። መንፈስ አልነበረም። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ነበር፤ ሐኪም ቢያየው በቅጽበት የሚያውቀው ምልክት። መኪና ተገኝቶ እስክናወርደው መሸ፤ ልጁ አልደረሰም። ከዚያን ቀን ወዲህ «በርታ» የምትለውን ቃል ለታመመ ሰው ከማለቴ በፊት ተቀምጬ «መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤዋለሁ። ጫማ ባሰርኩ ቁጥር ግን ይመጣብኛል።

ስለዚህ እነዚያ እኅቶች «ትንሽ ብትታገሺ» ሲሉሽ በቁጣ አትመልሺላቸው፤ እኔም እንደ እነሱ ነበርኩና። ግን አትስሚያቸው። ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ለአንቺ ሳይሆን ለባለቤትሽ ነበር፤ እሱም የማጽናኛ ቃል ይሆን ነበር።

መልአኩ መንገድ ላይ ለምን ተወኝ ብለሻል። የደንገጎን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፈገግ ይላል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወርድ መኪና ለማን ቆሞ ያውቃል? ጫቱ ከጠወለገ ገበያው ሄደ፤ ሾፌሩ ከፀሐይ ጋር ነው የሚሽቀዳደመው፤ እግረኛ ሲያየው ከአስፋልቱ ወርዶ ያሳልፈዋል። እሱ ያን ቀን ፍሬን ያዘ። አንቺን ጫነ። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚያውቀው ፍጥነት ወረደው፤ ሌላ ጊዜ የምንራገምበት ፍጥነት ያን ቀን ላንቺ ሆነ። በአምቡላንስ ቢጠበቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንቺም እኔም እናውቃለን። እኔ እዚህ ውስጥ ተትተሽ አላይም።

ደግሞ መልአኩ የጤና ዋስትና የፈረመልን አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። ከእሳቸው የበለጠ በዚያ ደጅ ባለውለታ ማን ነበር? ማንም ግን «ገብርኤል ከዳቸው» አላለም። ከደጁ የሚድን አለ፣ በደጁ የሚያርፍም አለ፤ ሁለቱም የእሱ ናቸው።

ስለቱን በሚመለከት፦ ሐምሌ 19 አለልሽ። በእግር መሄዱን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትወስኚ፤ የተሰፋ ሆድ ላይ ዳገት ቀላል አይደለም። ካልፈቀደልሽ በመኪና ሂጂ፤ የተሳልሽው በእግርሽ ቢሆንም ንስሐ አባትሽ ይፈቱልሻል፣ በእግር ፈንታም ሌላ የምታደርጊውን ይነግሩሻል። ጧፍሽን አብሪ፣ ጥላውንም ከተሳልሽ ስጪ። ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ። በዚያ ቁልቁለት ስትወርዱ የወደቅሽበትን ቦታ አሳዪው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማዕተብሽን ነርሷ «ፈታችብኝ» ነው ያልሽው። ፈታችው እንጂ አልቆረጠችውም። ለኦፕራሲዮን በሚጣደፉበት ሰዓት መቀስ ይቀላል፤ እሷ ግን ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈትታዋለች ማለት ነው። ማዕተቡ አሁን አንገትሽ ላይ ካለ ደግሞ የሆነ ሰው አስቀምጦ መልሶልሻል። ሐኪም ቤቱ ድረስ ሂጂና ማን እንደነበረች አጠያይቂ። የድሬ ልጅ ናትና ምናልባት ሙስሊም ትሆናለች፤ ከቁልቢ ስትመለሺ ጸበሉን ሳይሆን ከመንገዱ ድንች ወይ ካሮት ገዝተሽ አድርሺላት።