7 ጫማ፣ ግን የማን ጫማ?

ባለፈው ሰመር አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናቷ ይዛት ሜዳ መጣች። የሶፍትቦል ፒቸር ናት፤ ሶፍትቦል ቤዝቦልን የሚመስል ጨዋታ ነው፣ ፒቸር ደግሞ ክንዷን አዙራ ኳሷን ከታች ወደ መቺዋ የምትወረውረው ናት። ሰላም ብላኝ ብዙም ሳትቆይ፣ በጫማዋ ጫፍ አፈሩ ላይ መስመር አሰመረችና «ጋሼ፣ ስወረውር እዚህ ድረስ መራመድ አለብኝ፣ 7 ጫማ ነው» አለችኝ። ጫማ ያለችው የርዝመት መለኪያውን፣ ፉቱን ነው። ልጅቷ ራሷ 5 ጫማ እንኳ አትሞላም።

ወረወረች። እግሯ መስመሩ አጠገብ ደረሰ፣ እሷ ግን ኋላ ቀረች። ዳሌዋ ኋላ፣ ትከሻዋ ኋላ፣ ጉልበቷ ደግሞ እንደ እንጨት ድርቅ ብሏል። ኳሷ ከካቸሯ፣ ማለትም ከምትቀልባት ልጅ፣ ራስ በላይ አልፋ አጥሩን መታች። ደገመች። አሁንም አጥሩን።

ይህን የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ 30 ዓመት ገደማ በፊዚዮቴራፒ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሶፍትቦል ያስተማረችኝ ልጄ ናት እንጂ እኔማ ያደግሁት በጨርቅ ኳስ ነው። ስሙ «ለስላሳ ኳስ» ማለት ነው ሲሉኝ ቀለል አድርጌ ነበር የያዝኩት፣ የመጀመሪያዋ ኳስ ቅልጥሜን እስክትመታኝ ድረስ።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከ12 ዓመት በታች ምድብ ውስጥ ፒቸሯ ረግጣ ከምትነሳበት ሰሌዳ መቺዋ እስከምትቆምበት ሆም ፕሌት 40 ጫማ ነው። በሰዓት 50 ማይል ወረወርሽ እንበል። ኳሷ በሰከንድ 73 ጫማ ያህል ትሄዳለች። እርምጃሽን በአንድ ሙሉ ጫማ ብታስረዝሚና ኳሷንም በዚያው ልክ ወደፊት ተጠግተሽ ብትለቂያት፣ መቺዋ የምታጣው ጊዜ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ 14ቱ ብቻ ነው። ለእሷ ዓይን ፍጥነትሽ 1 ማይል ተኩል የጨመረ ይመስላል። ጥሩ ነው፣ አልንቀውም። ግን ለዚያ ብለሽ ሚዛንሽን ስተሽ 5 ማይል ከጠፋብሽ ምን ተረፈሽ?

ደግሞ እርምጃ ለርቀት ብቻ አይደለም። ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጎንበስ ብሎ ሊወርድ የነበረው ሰውዬ ወያላው ላይ ሲወድቅ አይተሻል? ካላየሽ እናትሽን ጠይቂ። መኪናው ይቆማል፣ ሰውየው ይቀጥላል። ፒቺንግም እንደዚያው ነው። የፊት እግርሽ አፈሩን ረግጦ ይቆማል፤ ሰውነትሽ ይዞት የመጣው ጉልበት ግን በዳሌሽ፣ በትከሻሽና በክንድሽ አልፎ ኳሷ ውስጥ ይገባል። ሯጮችን እግራችሁን ከፊታችሁ አርቃችሁ አትጣሉ የሚሏቸው ፍሬን ስለሚሆንባቸው ነው። አንቺ ፍሬኑን ትፈልጊዋለሽ። ነገር ግን ክብደትሽ እግርሽን ተከትሎ መምጣት አለበት። እግርሽ ብቻውን ከሄደማ ያቆምሽው ባዶ መኪና ነው።

ስለዚህ ርዝመቱ የሚመጣው ከኋለኛው እግር ነው፣ ሰሌዳውን ከሚገፋው። «እግሬን ልዘርጋ» አትበይ፣ «ሰሌዳውን ወደ ኋላ ልግፋው» በይ። ያቺን ልጅ መስመሩን በእግሬ አጥፍቼ ይህንኑ ብቻ ነገርኳት። ከ10 ውርወራ በኋላ ስንለካው 4 ጫማ ተኩል ሆነ። ኳሷም ጓንት ውስጥ መግባት ጀመረች። (መሬት ለቆ መዝለል ይፈቀዳል ወይ ለምትሉኝ፣ ሕጉ እንደየሊጉ ስለሚለያይ ዳኛችሁን ጠይቁ።)

አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ መለኪያ የሚያደርጉት ቁመትን ነው። ጎበዝ የሚባሉት አዋቂዎች ቁመታቸውን ያህል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይራመዳሉ። በአንቺ ዕድሜ ከዚያ ቢያንስ ምንም አይደለም። ሜትር አያስፈልግሽም። የሰው ቁመት የራሱ ባዶ እግር ርዝመት 6 ተኩል ጊዜ ያህል ነው፤ ጫማ ስታደርጊ ቁጥሩ ትንሽ ይቀንሳል። ከሰሌዳው ተነስተሽ ተረከዝሽን ከጣትሽ እያስነካሽ እስካረፍሽበት ቦታ ቁጠሪ። በቃ። ቲቪ ላይ ያየሻት 6 ጫማ ቁመት ያላት ሴት 7 ጫማ ብትራመድ በራሷ እግር ነው የተራመደችው።

ያገኘሽው ቁጥር ላይም ሙጭጭ አትበይ። ከ10 ዓመት በታች ምድብ ወደ 12 ስትወጪ ኳሷ ከ11 ኢንች ዙሪያ ወደ 12 ታድጋለች፣ ርቀቱም ከ35 ወደ 40 ጫማ ይሄዳል። 14 ላይ ደግሞ 43። በዚያ ላይ ቁመትሽ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመዘዛል፣ አምና የለመድሽው እግር ዘንድሮ የሌላ ሰው ይመስልሻል።

ከታች መወርወር ለትከሻ ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም ይሉሻል። እኔም፣ በሙያው ውስጥ ያለሁት ሰውዬ፣ አምኜ ነበር። ልጄን በአንድ ቅዳሜና እሁድ 4 ጨዋታ አስወረወርኳት። ሰኞ ጠዋት ፀጉሯን ማሰር አቅቷት እናቷ አሰረችላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ክንድ ሲዞር ከትከሻ ሊነቅለው የሚጎትተው ኃይል ወደ ሰውነት ክብደት ይጠጋል። እግር ሲደክም ደግሞ መግፋቱን ያቆማል፣ ሥራው ሁሉ ክንዱ ላይ ይወድቃል።

ድካሙን የኳሷን ፍጥነት ከሚለካው ራዳር በፊት አፈሩ ነው የሚነግርሽ። ነገ ልምምድ ላይ የመጀመሪያዎቹ 5 ውርወራዎች ያረፉበትን ምልክት አድርጊበት፣ የመጨረሻዎቹን 5 ደግሞ አስተያዪ። በግማሽ እግር ካጠረ ኳሷን ለአሰልጣኝሽ ስጪና ተቀመጪ። ከተቆጡሽ ጋሼ ነው ያለኝ በያቸው።